የማጀት ጥያቄና መልስ፦ ዱለቴ ለምን አልዋጥ አለ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ዶሮ ወጥ ነበሩ። ዶሮው ይቆየን፤ በእርሱ ጉዳይ ማንም የማንንም ምክር አይሰማም፣ ሁሉም የእናቱን እጅ ነው የሚያምነው። እኔን የያዙኝ ስለ ሆድ ዕቃ የጻፉት ናቸው። ዱለት፣ ምላስና ሰንበር፣ የኩላሊት ጥብስ ከብት ደጅ ላይ ሲታረድ ብቻ የሚበሉ የቤት ምግቦች ነበሩ። አሁን ደጅ የሌለው ሰው በዛ። በጉ ተገፍፎና ተቆራርጦ በፌስታል ይመጣል፤ ሆድ ዕቃው የት እንደቀረ የሚጠይቅ የለም። አጥቦ የሚሠራ እጅ ከጠፋ ምግቡ ሆቴል ብቻ ሊቀር ነው፤ እኔ ደግሞ ጨጓራውን ማን እንዳጠበው ሳላውቅ ዱለት አፌ አላደርግም።

*

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ ጎንደር ነው ያደገው፤ የፋሲካ ጠዋት ዱለት ካልቀመሰ የገደፈ አይመስለውም። ዘንድሮ እናቱ እኛ ጋ ስለሚውሉ አስቀድሜ ልለማመድ ብዬ ከሱፐርማርኬት የታሸገ ነጭ ጨጓራ ገዛሁ። ከበግ ጉበትና ከቀይ ሥጋ ጋር በማሽን ፈጭቼ ሠራሁት። ጨጓራው ቢያኝኩት አያልቅም፣ ጉበቱ ሊጥ ሆኖ ድስቱ ላይ ተለጠፈ። ልጆቼ ‹ይሸታል› ብለው ከወጥ ቤት ሸሹ። ምኑን ነው ያበላሸሁት? ምንስ ልግዛ?»
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ

ልጄ፣ የጨጓራው ንጣት ራሱ መልሱን ይዟል። እዚያ አገር ታሽጎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ የበሬ ጨጓራ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በሙቅ ውሃ ተነክሮ፣ ተፍቆ፣ እንዲነጣ በኬሚካል ታጥቦ ይወጣል። ለሰዓታት ለሚቀቀል ነገር ጥሩ ነው፤ ሜክሲኮዎች ሜኑዶ የሚሉትን ሾርባቸውን የሚሠሩበት እርሱን ነው። ዱለት ግን እሳት ላይ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ነው፤ የበሬ ጨጓራ ደግሞ በደቂቃዎች አይለሰልስም። ቢለሰልስልሽ እንኳ ሽታውም ጣዕሙም ፋብሪካ ቀርቷል። እኔ የማውቀው ዱለት የበግ ወይም የፍየል ነው። በበሬ የሚሠሩ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ይሥሩ።

ስለዚህ መፈለግ ያለብሽ አንድ ሙሉ በግ ከነሆድ ዕቃው ነው። «ሐላል ሥጋ ቤት ሂጂ» ብዬ ልገላገልሽ አልችልም፤ አማትሽ የእስላም ሥጋ አይበሉ ይሆናል፣ አስቀድመሽ ባለቤትሽን ጠይቂው። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ገጠር በጉን መርጠሽ የምታሳርጂባቸው እርሻዎች አሉ፤ የእኛ ሰዎች ለበዓል በቡድን እየሄዱ «በስመ አብ» ብለው ያርዳሉ። ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ «ጨጓራውንና ጉበቱን ይዘን መሄድ እንችላለን?» በይ። ሁሉም ቦታ አይሰጡም፤ እዚያ ደርሶ ባዶ እጅ መመለስ ደግሞ ያናድዳል። አማትሽ «ሳንባውስ?» ካሉሽ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከብት ሳንባ ለሰው ምግብነት አይሸጥም፣ ሕጉ ይከለክላል። ዱለት ውስጥ ሳንባ ስለማይገባ አንቺን የሚጎዳሽ ነገር የለም።

አሁን ወደ እጥበቱ እንምጣ፤ የዱለት ሥራ ሦስት እጁ እጥበት ነው። ጨጓራውን ሰንጥቀሽ ፈርሱን አራግፊ፤ ይህን ወጥ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው፣ እርሻው ላይ ጨርሰሽው ነይ። ከዚያ ውሃው እስኪጠራ ድረስ እየቀያየርሽ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው። ቀጥሎ ሙቅ ውሃ አዘጋጂ፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ውሃው መንተክተክ የለበትም። የፈላ ውሃ ከነካው ያ ጥቁሩ ሽፋን ይጨብጥና በምንም ቢላ አይለቅም። ጣትሽን ነክረሽ ወዲያው የምትመልሺበት ሙቀት ይበቃል፤ መለኪያ ካለሽ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ። ጥቂት ነክረሽ በቢላ ጀርባ ፋቂው፤ እሺ ካላለሽ መልሰሽ ንከሪው። ጥቁሩ እየተገፈፈ ነጣ ያለው ከሥሩ ይወጣል። ሽንፍላው ትዕግሥት ይፈትናል፤ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ እየገለጡ ነው። እንግዳ የበዛበት ሰው ሽንፍላውን ቢተወው አልፈርድበትም። በመጨረሻ በጨውና በሎሚ አሽተሽ አለቅልቂው። ሎሚ ውስጥ የሚያሳድሩ ሴቶች አሉ፤ የእነርሱን ዱለት ስበላ ሎሚ እንጂ ዱለት የበላሁ አይመስለኝም።

ማሽኑን ተይው። ማሽን ጉበትን ያፈስሰዋል፣ ጨጓራን ደግሞ ይጎትተዋል እንጂ አይቆርጠውም። ሦስቱንም ለየብቻ መክተፊያ ላይ በስለት ክተፊያቸው። ጨጓራው ከሁሉም ይድቀቅ። ቀይ ሥጋው ይከተል። ጉበቱ ስሱ ሽፋኑ ተገፎ በመጨረሻ ይከተፍ፤ ትንሽ ጎላ ቢል ይሻላል፣ ቶሎ ይበስላልና። ሐሞቱን ስታወጪ ከጉበቱ ትንሽ ቆርሰሽ አብረሽ አውጪው፤ ከፈሰሰ ጉበቱን ሁሉ ያመርረዋል። ለአንድ መካከለኛ በግ ጨጓራና ጉበት ግማሽ ኪሎ ያህል ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ፣ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ሦስት አራት ቃሪያ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ ይበቃል። ሚጥሚጣው እንደ አፋችሁ። ሚጥሚጣ የሚያበዛ ሰው ካየሁ ግን ጨጓራውን በደንብ አላጠበም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሰፊ መጥበሻ አግዪ። ቅቤው ሲቀልጥ ሽንኩርቱን ጨምሪ፣ ሳይቀላ ጨጓራውን አስከትዪ። ጨጓራው ውሃውን መጥጦ መንጫጫት ሲጀምር ቀይ ሥጋው ይግባ፤ መልኩ ሲለወጥ ጉበቱ። ከዚያ ቃሪያ፣ ኮረሪማ፣ ሚጥሚጣ፣ ጨው። ጉበቱ ከገባ በኋላ ከመጥበሻው አጠገብ አትራቂ፤ ስልክ ስታነሺ ይደርቃል። ባለቤትሽ ለብለብ ይወድ ይሆናል። ልጆችና አዛውንት ባሉበት ማዕድ ግን ብስሉን አቅርቢ። እዚያ አገር ለተከተፈና ለተፈጨ ሥጋ የሚመከረው መሃሉ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲደርስ ነው፤ እነርሱ 160 ፋራናይት ይሉታል። በዚያ ላይ ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮና ምስር የለመደ ሆድ ነው፤ ማታ ዶሮ ወጥ፣ ጠዋት ጥሬ ጨጓራ ማውረድ ጭካኔ ነው።

ስለ ልጆችሽ። ሽታ ሁለት ዓይነት ነው። የፈርስ ሽታ እጥበት ያጠፋዋል። የጨጓራው የራሱ ሽታ ግን ዱለት የሚያሰኘው ነውና እርሱን የሚያጠፋ ነገር አትፈልጊ። ልጆቹን «ብሉ» ብለሽ አታስገድጂ። በእኛ ቤት ልጅ የሚጀምረው በኩላሊት ነበር፤ ከነሞራው ከሰል ላይ ጣል ተደርጎ፣ ጨው ነስነስ ተደርጎበት፣ ትልልቆቹ ዱለቱን ሲጠብቁ ለልጆች ይታደላል። ኩላሊት የለመደ ልጅ ወደ ዱለቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ካልመጣም ለአባቱ ይተርፈዋል።

*

«እትዬ፣ ባለፈው ዓመት ነው ያገባሁት፤ ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ደጅ በግ ላርድ ነው። አባቴ ሲያርድ አይቻለሁ፣ የሆድ ዕቃው ሥራ ግን የሴቶች ስለነበር አላየሁትም። ባለቤቴም አዲስ አበባ ስላደገች ጨጓራ አጥባ አታውቅም። የቱ ይበላል፣ የቱ ይጣላል? ውሻችንስ ምን ይድረሰው?»
አዲስ ጎጆ ወጪ፣ ከደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ «የሴቶች ሥራ» ያልከውን እዚሁ እናንሳው። አንተ ካረድክ እጅህ አስቀድሞ ደም ነክቷል፤ ጨጓራ ማጠብ ምን ይጨምርብሃል? እኔ ደሴ ነው ያደግሁት። አባቴ እያረደ እናቴ ዱለቱን ስታሰናዳ ጨጓራውን ይዘን ምንጭ የምንወርደው እኔና ታላቅ ወንድሜ ነበርን። አሁን ከሁላችን ዱለት አዋቂ እርሱ ነው፤ ሚስቱ መጥበሻውን አትነካም።

ከማረድህ በፊት በጉን እየው። የሚያነክስ፣ የሚያስል፣ መኖ ያቆመ በግ አይታረድም። ሳይታሰብ ወድቆ የሞተ ከብት ደግሞ አይነካም፣ አይገፈፍም፤ አባ ሰንጋ የያዘው ሊሆን ስለሚችል ሥጋው ብቻ ሳይሆን ቆዳውም ይገድላል። እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠመህ የእንስሳት ሐኪም ጥራ።

ሆዱን ስትከፍት አስቀድመህ የምታየው ሞራውን ነው። ሞራ ገላጭ ሽማግሌ በሰፈራችሁ ካሉ ዓመቱን ይነግሩሃል፤ እኔ ለምግቡ ስለምቸኩል ሞራውን ለጥብስ ነው የምፈልገው። ጉበትና ሳንባውን ግን ለጥንቆላ ሳይሆን ለጤና ገልብጠህ እያቸው። ጤነኛ ጉበት ለስላሳ ነው፣ ጠርዙ ስስ ነው፣ መልኩ አንድ ዓይነት ነው። ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛው የጉበት ትል ነው። ደብረ ብርሃንን የመሰለ ውሃ የሚተኛበት የደጋ ግጦሽ ይስማማዋል፤ ረግረግ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው የሚመጣው። ጉበቱን ስትቆርጠው ቱቦዎቹ ወፍረውና ጠንክረው ካገኘሃቸው፣ ውስጣቸውም ጠፍጣፋ ቅጠል መሳይ ትል ካየህ ያ ጉበት አይበላም። ሁለተኛው ውሃ የቋጠረ እባጭ ነው፤ በጉበትም በሳንባም ላይ ይወጣል፣ ትንሽም ትልቅም ይሆናል። አትውጋው፣ አትክፈተው።

ወደ ውሻህ የምመጣው በዚህ ነው። አገራችን ላይ በዓል በዋለ ቁጥር የተበላሸ ሳንባና ጉበት ለውሻ ይወረወራል። ውሻው ያንን እባጭ በጥሬው ከበላ እባጩ ውስጥ ያለው የትል ዘር አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ሣሩንም የራሱን ጠጉርም ይበክላል። በጉ ሣሩን ሲግጥ ይይዘዋል፤ ልጅ ደግሞ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይይዘዋል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም እንዲያ ያለ እባጭ ዓመታት ፈጅቶ ያድግና ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል። ሰው በሽታውን የሚያገኘው ጉበቱን ከመብላት ሳይሆን ከውሻው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ እባጭ ያለበትን አቃጥል፤ ካልሆነ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበር። ለውሻህ የምትሰጠው ጤነኛ ሳንባና ጣፊያ ከሆነም ቀቅለህ ስጠው፣ ያመሰግንሃል።

የቀረው ቀላል ነው። ጨጓራና ጉበት የዚያኑ ቀን ጠዋት ይሠራሉ፤ ለነገ የሚባል ዱለት የለም። ልብና ኩላሊት ጥብስ ውስጥ ይገባሉ። አንጀቱን የሚያጥቡ አሉ፤ ለአንድ በግ ግን ድካሙ ከጥቅሙ ይበዛል። ራሱንና እግሩን እሳት ላይ ለብልባችሁ፣ ፍቃችሁና አጥባችሁ ለቅቅል አስቀምጡት፤ በማግስቱ ድካም ላይ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ይጠጣል። የዱለት አሠራሩን ከላይ ለአሌክሳንድሪያዋ እህትህ ጽፌዋለሁ። አንተ ጨጓራውን እጠብ፣ ባለቤትህ ትክተፍ።

*

«እትዬ፣ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ነን። ለበዓል ስምንት ቤተሰብ ሆነን በሬ እንቃረጣለን። ዘንድሮ ወጣቶቹ ‹ሆድ ዕቃውን ለአራጁ እንስጠው፣ ማን ያጥባል፣ ደረጃው ይሸታል› አሉ። አንዲት እናት ‹ቅርጫ ያለ ጨጓራ ቅርጫ አይደለም› ብለው ተቀየሙ። ፍርድ ስጪን።»
የቅርጫው ገንዘብ ያዥ፣ ከጀሞ

እኔ ከእናቲቱ ጋር ነኝ፤ አስቀድሜ ልንገርህ። ቅርጫ ተከባብሮ የሚኖረው ሁሉም ነገር በሁሉም መደብ ላይ ስለሚወድቅ ነው። ሻኛው ተቆርሶ ስምንት ቦታ፣ ጎድኑ ስምንት ቦታ፣ ጉበቱ ስምንት ቦታ። ከዚያ ዕጣ። ማንም «የእርሱ ጮማ በዛ» የማይለው ለዚህ ነው። ሆድ ዕቃውን ገንጥላችሁ ስታወጡ ሆድ ዕቃ የሚወደውን ሰው ከመደቡ ላይ ቀነሳችሁበት ማለት ነው፣ ገንዘቡን ግን እኩል ነው የከፈለው።

የወጣቶቹ ስሞታም ውሸት አይደለም። አምስተኛ ፎቅ ላይ የበሬ ጨጓራ አይታጠብም፤ የፍሳሽ ቱቦውም አይችለውም። እንዲህ አድርጉ፦ ሆድ ዕቃው እንደ አንድ ዕቃ ተገምቶ፣ የሚፈልግ ቤት በግምቱ ይውሰደው፤ ገንዘቡ ለስምንቱ ይካፈል። እናቲቱ ከወሰዱት ከወጣቶቹ ሁለቱ ታች በረንዳው ላይ ውሃ ይቅዱላቸው፣ አብረው ያጥቡ። ሰንበሩ ሲሠራ የሚጠራ ሰው ካለ ደግሞ እነርሱ ናቸው። ጉበቱ ግን ከመደብ አይወጣ፤ ጉበት ማጠብ የሚያስቸግረው ሰው አላየሁም።

ምላሱ አንድ ነው፤ ስምንት ቦታ ቢቆረጥ ማንንም አይጠቅምም። በእኛ ሰፈር ምላሱ በተራ ነበር የሚሄደው፦ የዘንድሮ በዓል ለአንዱ ቤት፣ የሚቀጥለው ለሌላው። ተራውን መዝገብህ ላይ ጻፈው፤ ሰው ስንት ኪሎ እንደደረሰው ይረሳል፣ የምላስ ተራውን ግን አይረሳም።

ስለ ጥሬው አንድ ነገር ልጨምር፣ የበሬ ስለሆነ። ከበሬ ቁርጥና ክትፎ የሚመጣው የኮሶ ትል ከበግ አይመጣም፤ በሬው ብቻ ነው በሥጋው ውስጥ የሚይዘው። ሥጋው ላይ ሩዝ የሚያካክሉ ነጫጭ ፍሬዎች ካያችሁ ለጥሬ አይሆንም፤ ስላላያችሁም የለም ማለት አይደለም። ቄራ የታረደ ሥጋ ላይ የተቆጣጣሪውን ማኅተም የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ቅርጫ ላይ ማኅተም የሚመታ የለም፤ እኔ የቅርጫ ሥጋ ብስሉን ነው የምበላው፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

*

«አሰላሙ ዓለይኩም እትዬ። ሻርጃ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ለአረፋ በጎች ሲታረዱ እመቤቲቱ ራሱንና ሆድ ዕቃውን ለእኛ ለሠራተኞቹ ትሰጠናለች። ሦስት ሐበሾች ነን፤ አንዷ የኮምቦልቻ ልጅ ‹ምላስና ሰንበር ነው የምንሠራው› ትላለች፣ አሠራሩን ግን ማናችንም አናውቅም። በርበሬና ኮረሪማ ከአገር ልከውልናል።»
የሐርቡ ልጅ፣ ከሻርጃ

ወዓለይኩሙ ሰላም የኔ ልጅ። የአገሬ ልጅ ነሽ፤ ከሐርቡ ደሴ ምን ያህል ነው! አክስቴ ሙስሊም ነበረች። በአረፋ የእርሷን ሥጋ እኛ አንበላም፣ በፋሲካ የእኛን እርሷ አትበላም፤ የእጥበቱን ሥራ ግን ሁለቱም በዓል ላይ አብረን ነበር የምንሠራው። በጨው አሽታ ሰንበር ስታጥብ እጇን ያየሁት ያኔ ነው።

ምላስና ሰንበር የዱለት ተቃራኒ ነው፤ ረጅም እሳት ይፈልጋል። የበግ ምላስ ትንሽ ስለሆነ የሁሉንም በጎች ምላስ ሰብስቡ። ከታጠበው ጨጓራ ጋር በአንድ ድስት ውስጥ፣ ውሃ እስኪሸፍነው፣ ከአንድ ራስ ሽንኩርትና ከጥቂት ጨው ጋር ጣዱት። አረፋው ሲወጣ በማንኪያ ግፈፉት። የበግ ምላስ በሰዓት ተኩል ይለሰልሳል፤ የበሬ ቢሆን ሦስት ሰዓት ይፈልግ ነበር። ሹካ ያለ ችግር ሲገባለት አውጡትና ትኩሱን እያለ ቆዳውን ላጡት። ከቀዘቀዘ ቆዳው አይለቅም፤ እጅ ቢያቃጥልም ቀዝቃዛ ውሃ እየነካችሁ ጨርሱት። ጨጓራው ካልለሰለሰ ብቻውን ይቆይ። መረቁን እንዳትደፉት።

ወጡ የሚሠራው እንደ ማንኛውም ቁሌት ነው። ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት እስኪቀላ አብስሉ፣ ከዚያ ቅቤ ወይም ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ። በርበሬው እንዳያር መረቁን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቁሉት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ። ምላሱን በስሱ፣ ሰንበሩን በጣት ስፋት ቆርጣችሁ አስገቡትና ወጡ ወፍሮ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ኮረሪማው ከእሳት ሊወርድ ሲል ነው። እንጀራ ካላገኛችሁ በአረብ ዳቦም ይበላል፤ ኮምቦልቻዋ ብትቆጣም። እመቤቲቱንም በትንሽ ሳህን አቅምሷት፤ የባሕረ ሰላጤ ሰዎች ጨጓራና ራስ የሚሠሩበት የራሳቸው መንገድ ስላላቸው አይገርማትም፣ በርበሬው ግን ይገርማታል።

*

«እትዬ፣ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ አማቴ በየሳምንቱ ጉበት ታበላኛለች። ልቀጥል?»
ከሐዋሳ

አቁሚ ልጄ፤ አማትሽን አመስግነሽ አቁሚ። ጉበት ብረት እንዳለው እውነት ነው፤ ደም ማነስ ላለበት ሌላ ሰው ጥሩ ምግብ ነው። ችግሩ ቫይታሚን ኤው ነው። ለአዋቂ በቀን ከ3,000 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመከራል፤ 100 ግራም የበሬ ጉበት ብቻውን ከዚያ በጣም ይበልጣል፣ የበግም እንዲሁ ነው። ሲበዛ ጽንሱን ሊጎዳ ስለሚችል በብዙ አገር ነፍሰ ጡሮች ጉበት እንዳይበሉ ይነገራቸዋል። ጥሬና ለብለብ ሥጋም እስክትወልጂ ይቅር። የሐኪምሽን የብረት ኪኒን ውሰጂ፤ ከቡናና ከሻይ አርቀሽ ዋጪው፣ ሁለቱም ብረቱን ያዳክሙታል። አማትሽ ቅር ካላቸው ቀይ ሥጋ በደንብ አብስለው ከጎመን ጋር ይሥሩልሽ። ጉበቱን ከወለድሽ በኋላ ትበዪዋለሽ።

*

«እትዬ፣ ሪህ አለብህ ተብያለሁ። ዱለት ጭራሽ ተከለከልኩ ማለት ነው?»
አንድ የስልሳ ዓመት አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

ጋሼ፣ ሐኪምዎ ከከለከሉ እኔ አልፈቅድም። ጉበትና ኩላሊት ሪህ የሚያስነሳውን ዩሪክ አሲድ ከሚያበዙት ምግቦች ግንባር ቀደም ናቸው፣ ቢራም ከእነርሱ ጋር ነው። እግርዎ አብጦ ባለበት ሰሞን በጭራሽ እንዳይነኩት። ደህና ሲሆኑና ሐኪሙ ትንሽ ከፈቀዱልዎ፣ ለበዓል ጉበት የሌለበት በጨጓራና በቀይ ሥጋ ብቻ የተሠራ ሁለት ጉርሻ ያስቀርቡ። ዱለት ነው ብዬ ልዋሽዎት አልችልም፤ ሚጥሚጣውና ኮረሪማው ግን አንድ ናቸው። ውሃ በደንብ ይጠጡ፣ ቢራውን ለልጆቹ ይተዉላቸው።